ያነሳው ይወስደዋል

የቅሬታ ሰሚዋ አስከሬን በትልቁ ብርድ ክፍል ውስጥ በተገኘበት ጠዋት፣ ፎቅ ላይ ያለው የጠረጴዛዋ ስልክ ይጠራ ነበር። መርማሪዋ ከመኪና ወርዳ የመድኃኒት መጋዘኑን የብረት በር ስታልፍ መጀመሪያ የሰማችው እሱን ነው። ይጠራል፣ ያቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። ግቢው ውስጥ ተኮልኩለው የቆሙት ሠራተኞች ሁሉም ይሰሙታል፤ አንዳቸውም ግን ቀና ብለው ወደ መስኮቱ አያዩም።

«ስልክ የሚያነሳ ሰው የለም እንዴ?» አለች።

«የሷ ነው» አለ አንዱ በለሆሳስ።

«የሷ ከሆነማ ማን ያነሳዋል ታዲያ?»

መርማሪዋ ሰው ሲፈራ ብዙ አይታለች፤ ይኼኛው ፍርሃት ግን ሙት ከመፍራት ለየት ያለ መሰላት። ለጊዜው ተወችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ባልደረቦቿ «እንደገና» ይሏታል። ምስክር ተናግሮ ጨረስኩ ሲል እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እስቲ እንደገና ንገረኝ» ስለምትል ነው። ሰው መጀመሪያ የሚናገረው ያዘጋጀውን ነው፤ ያየውን መናገር የሚጀምረው ሲደግመው ነው ብላ ታምናለች። በዚህ ጠባይዋ የተማረረ ብዙ ነው፤ ባሏም ጭምር።

ብርድ ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩ ወፍራም ብረት ነው፤ ካልቀዘቀዙ የሚበላሹ መድኃኒቶች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ሟቿ ከመደርደሪያ ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የለበሰችው ስስ ሹራብ ሲሆን ባዶ ካርቶኖች እየቀደደች በላዩ ላይ ደርባበታለች። የቀኝ እጇ ጣቶች ተልጠው ደም ረግቶባቸዋል። በሩም ከውስጥ በኩል፣ በደረቷ ቁመት ላይ፣ ደም ነክቶታል። መርማሪዋ ይህን ስታይ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። ይቺ ሴት አንኳኩታለች፤ ክንዷ እስኪዝል አንኳኩታለች፤ የከፈተላትም አልነበረም።

ግድግዳው ላይ ስስ በረዶ ጋግሯል። ከመደርደሪያዎቹ ግማሹ ባዶ ነው።

«ይኼ ክፍል ሁልጊዜ እንዲህ በረዶ ይሠራል?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ የብርድ ክፍሉ ኃላፊ። ጸጉሩ የሸበተ፣ እጆቹ በቅዝቃዜ ብዛት የተሰነጣጠቁ ሰው ነው፤ ሠራተኛው «ጋሼ ብርዱ» ይለዋል። «መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሥራት የለበትም። ማሽኑ አርጅቷል ልጄ፤ ሌሊት ከፍቶበት ነው።»

«መደርደሪያውስ? ለምን ባዶ ሆነ?»

«አቅርቦት ነዋ! መቼ ሞልቶ ያውቃል?» ካለ በኋላ ዓይኑ ወደ ሟቿ ሄደና ድምፁ ተሰበረ። «እዚህ ሥራ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ልጄ ማለት ነበረች።»

ከበሩ ውጪ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ሚስማር ተመትቷል። የሚስማሩን ነገር ያስረዳት ሥራ አስኪያጁ ነው። የበሩ የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በሩ አንዴ ከተዘጋ ከውስጥ አይከፈትም። ስለዚህ ሠራተኞቹ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ካፖርቱን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ይገባል። ሚስማሩ ላይ ልብስ ካለ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው፤ በሩን ማንም አይነካውም። ማታ ጥበቃው ሚስማሩን አይቶ፣ ባዶ ከሆነ መወርወሪያውን ይወረውርና ይቆልፋል።

«እጀታውን ማሠራት አይቀልም ነበር?»

«ቅሬታው ቀርቦ ምላሽ ተሰጥቶበታል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምን ተብሎ?»

«ወደፊት ይሠራል ተብሎ።»

መርማሪዋ ፊቱን አየችው። እየቀለደ አልነበረም።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ ነው» ብሎ ቀጠለ። «ካፖርቷ ቢሮዋ ወንበር ላይ ነው፤ የእጅ ስልኳም ኪሱ ውስጥ። ሳትሰቅል ገባች፤ ጥበቃው ሚስማሩን ባዶ አየና ቆለፈባት። ወይም ጭራሽ ሳያይ ቆልፏል። ማሽኑም በዚያው ሌሊት ተበላሸ። አሳዛኝ አደጋ ነው። ጥበቃውን ወስዳችሁታል፤ ፋይሉን መዝጋት ነው የቀረው።»

መዝጋት የሚለውን ቃል ሲናገር ደስ የሚለው ይመስላል። ነገር ግን ማሽኑን ሲፈትሽ የቆየው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «ማሽኑ ሲሠራ ያንኳኳል እንጂ ሌላ በሽታ የለበትም» አለ። «ከውጭ ያለውን መቆጣጠሪያ ሰው እስከ ጫፉ አዙሮታል። የታዘዘውን ነው የሠራው።»

ፎቅ ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

ሟቿ ቢሮዋን የምትጋራው ከአፈጻጸም ክትትል ሠራተኛው ጋር ነበር። የመጋዘኑ ሰው እሷን «ጆሮ»፣ እሱን «መቶ በመቶ» ይላቸዋል። ከጀርባው የተሰቀለው ሰሌዳ ላይ «ምላሽ ያገኘ ቅሬታ፦ 98 በመቶ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

«ትስማሙ ነበር?» አለችው።

«ሆድና ጀርባ ነበርን» አለ ሳይደብቅ። «እኔ የዘጋሁትን ቅሬታ እሷ መልሳ ትከፍተዋለች። ምላሽ የተሰጠው ቅሬታ ተዘጋ ማለት ነው። እሷ ግን ‹ሰውየው መድኃኒቱን አግኝቷል ወይ?› ትለኛለች። ያ ሌላ ጥያቄ ነው እኮ!»

«ለሰውየው ሌላ አይደለም።»

መቶ በመቶ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። ስልኩ ጮኸ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«አንሳው» አለችው።

«አልችልም።»

«ሙት የደወለች መስሎህ ነው?»

«ታች ያሉት እንደዚያ ይላሉ። እኔ...» አፈረ። «ደንብ አለ። ስልኩን ያነሳ ሰው ቅሬታውን ይወስደዋል። እስኪዘጋ ድረስ ከራሱ ነጥብ ላይ ይቀነስበታል። ‹ያነሳው ይወስደዋል› እንላለን። ከሷ በቀር የሚያነሳው አልነበረም።»

አሁን ገባት። ግቢው ውስጥ ያየችው ፍርሃት የነጥብ ፍርሃት ነበር። ተናደደች፤ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ስልኩን አነሳችው።

«ሃሎ! እፎይ!» አለ የወንድ ድምፅ። «ምነው እህቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ እኮ ስደውል...»

«እሷ አይደለሁም። ማን ልበል?»

«የልጅቷ አባት በያት፤ ታውቀኛለች። ጤና ጣቢያው ስልክ ላይ ነኝ። ልጄ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊኑን ብንወጋት ብንወጋት ስኳሩ አልወርድ አለ። ብልቃጡን ባየው ነጫጭ ነገር ተቋጥሮበታል። ትናንት ጠዋት ደውዬ ስነግራት ‹እሱን ተዉት፤ ጤነኛውን እልክላችኋለሁ› አለችኝ። ይኸው ትተነው እየጠበቅን ነው። አሁን ግን ልጅቷ ትተኛለች፤ ስጠራት ቶሎ አትሰማኝም።»

«ሆስፒታል ውሰዳት!»

«ሆስፒታሉስ ከየት ያመጣል? የሚሰጠው የናንተኑ ነው። የትኛው ደህና እንደሆነ እነሱም አያውቁም።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሌላ ምን አለችህ? እንደገና ንገረኝ፤ ከአፏ እንደወጣ።»

«‹እንዲህ ያለ ቅሬታ ከሌሎች ጣቢያዎችም መጥቶልኛል። ጥፋቱ እናንተ ጋ አይደለም፣ እዚሁ እኛ ጋ ነው። ያጠፋው ሰው ራሱ እንዲናገር እስከ ነገ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም› አለችኝ። ነገ እደውልልሃለሁ ብላኝ ነበር። ቃሏን የምታጥፍ ሰው አይደለችም። ደህና ናት?»

መዋሸት አልሆነላትም፤ እውነቱን መናገርም አልሆነላትም። «መድኃኒቱ ይላክልሃል» ብላ የጤና ጣቢያውን ስም ተቀብላ ዘጋች።

«ያነሳው ይወስደዋል አልክ?» አለችው መቶ በመቶን። «እንግዲህ ወሰድኩት።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደተንጠለጠለው ካፖርት ዞረች። «ትናንት ስትወጣ ይኼ ካፖርት እዚህ ነበር?»

«አልነበረም። ወንበሩ ባዶ ነበር። ከኔ ቀድማ ወደ ቤቷ ሄደች ብዬ ተናድጄ ነው የወጣሁት።»

«እንደገና።»

«ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ስልኩ እየጠራ ጥላው ሄደች ብዬ...» መሀል ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ታዲያ ጠዋት እንዴት እዚህ ተገኘ?»

«ማታ ያልነበረ ካፖርት በእግሩ አይመጣም» አለች መርማሪዋ። «ሚስማሩ ላይ ነበር። ከዚያ ያወረደው ሰው አለ።»

ሥራ አስኪያጁን ቢሮው አገኘችውና አባትየው ያለውን ነግራ መድኃኒት ለልጅቷ በአስቸኳይ እንዲልክ ጠየቀችው። ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊት አሳያት፤ ግራ የገባው ፊት።

«የትኛውን ልላክ? ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከነካው አለቀለት። ሲሟሟ ብዙውን ጊዜ መልኩ ይመለሳል እንጂ ጉልበቱ አይመለስም። ጥሩውና መጥፎው ተቀላቅሎ ከዚህ ከወጣ፣ መጋዘን ያለውስ ጤነኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሁሉንም ላስቁም ብል ሕመምተኛው ያልቃል። ይቀጥል ብል ደግሞ ውሃ ነው የሚወጉት። ላስመርምረው ብል ልጅቷ አትደርስበትም።»

«የትኛው እንደተነካ የሚያውቅ ሰው አለ» አለች መርማሪዋ። «የነካው ሰው ያውቃል።»

ገዳዩን መያዝ ብቻ እንደማይበቃ ያኔ ገባት። ልጅቷ በሕይወት እያለች ገዳዩን ማናዘዝ አለባት።

ጥበቃውን ለማነጋገር ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄደች። ሽማግሌው እጆቹን ጭኑ መሀል ቀብሮ ተቀምጦ አገኘችው።

«ሚስማሩ ባዶ ነበር እትዬ። በልጆቼ እምላለሁ። ጋሼ ብርዱም ሲወጣ ‹ሁሉም ወጥቷል፣ ቆልፍ› አለኝ፤ ዘወትር የሚለኝ ነው። እኔ ግን ሚስማሩን ደግሜ አየሁ።»

«ሌሊት የሰማኸው ነገር አልነበረም?»

እንባው በሸበተው ጢሙ ላይ ወረደ።

«ማሽኑ ያንኳኳል። ኳ... ኳ... ሲል ነው የሚያድር። እንቅልፍ ነሳኝ ብዬ አመልክቼ ነበር፤ ምላሽ ተሰጥቶታል አሉኝ። ትናንትም ሰማሁት። አመሉ ነው ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ።» ቀና ብሎ አያት። «አሁን ዓይኔን ስከድን ይሰማኛል። የትኛው ማሽኑ፣ የትኛው እሷ እንደነበረች እንጃ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ በምን ይለያል?»

ወደ መጋዘኑ እስክትመለስ ድረስ ጥያቄው ከልቧ አልወጣም። ብርድ ክፍሉ ደጃፍ ስትደርስ ማሽኑ ኳ አለ። ሬሳው መነሳቱን እያወቀች፣ ክፍሉ ባዶ መሆኑን እያወቀች፣ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ በሩ ሄደ። ከፍታ አየችው። ማንም የለም።

ጋሼ ብርዱ ሁለቱንም ክፍሎች እንዲያስጎበኛት ጠየቀችው። ስለ ሥራው ሲናገር ድምፁ ጠና፤ ቃል አይደናቀፍበትም።

«ካርቶን ከግድግዳ አይጠጋም፤ አየር ማለፍ አለበት። ካርቶን ወለል አይነካም። ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀድሞ ይወጣል፣ ስለዚህ ፊት ይቀመጣል። በር ሳያስፈልግ አይከፈትም፤ ቅዝቃዜው የሕመምተኛው ነው እንጂ የኛ አይደለም። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ይኼን ነው።»

«ትንሹን ክፍልስ?»

«እሱ ጠባብ ነው» ብሎ ከፈተላት።

ክፍሉ እስከ ጣሪያው ታጭቋል። ካርቶኑ ከግድግዳ ተጣብቋል፣ ወለል ላይ ተከምሯል፣ መተላለፊያ እንኳ አልቀረለትም። መርማሪዋ የሰውየውን ፊት ሳታይ ቀስ ብላ ካርቶኖቹ ላይ የታተሙትን ቀኖች አነበበች። በጥድፊያ የተከመረ ክምር ነው፤ ግን በየረድፉ ቶሎ ጊዜው የሚያልፍበት ፊት ነው ያለው። ምንም ሳትል ወጥታ ሥራ አስኪያጁን ጠራችውና ለብቻው ጠየቀችው።

«ትንሹ ክፍል ያሉት ምንድን ናቸው?»

«ኢንሱሊን፣ ደግሞ በረዶ የማይችሉ ክትባቶች። ምነው እዚህ ታጨቁ?»

«ትልቁ ውስጥ የቀሩትስ?»

«እነዚያ በረዶ ቢነካቸውም ግድ የለም።» ትንሽ አሰበና «እኔ ብርድ ክፍል ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ ጋሼ ብርዱ ነው የሚያውቀው» አለ።

መርማሪዋ ሁሉንም እንዲጠሩላት አዘዘች። ጥበቃውንም ከጣቢያ አስመጣችው።

በሁለቱ ብርድ ክፍሎች መካከል ባለው ኮሪደር ላይ ቆሙ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ መቶ በመቶ፣ ጋሼ ብርዱ፣ በሁለት ፖሊስ መሀል ጥበቃው። መርማሪዋ የትንሹን ክፍል በር ወለል አድርጋ ከፈተችውና እንደተከፈተ ተወችው። ነጭ ብርድ በእግራቸው ሥር መውጣት ጀመረ።

«አደጋ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ካፖርቱ ማታ ወንበሩ ላይ አልነበረም። ሟቿ እንደ ደንቡ ሚስማሩ ላይ ሰቅላው ነው የገባችው። ከዚያ አውርዶ፣ የቢሮው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቢሮዋ ያስቀመጠው ሰው አለ። ጥበቃው ሚስማሩን ባዶ ያየው በዚህ ምክንያት ነው። ዋሽቶ አይደለም፤ ንጹሕ ነው።»

ሽማግሌው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ግን በሩን መዝጋት ብቻ አይገድላትም። ትልቁ ክፍል በልኩ ከቀዘቀዘ ጤነኛ ሰው እየተንቀጠቀጠ ያድራል፣ ጠዋት ወጥቶም ያየውን ይናገራል። ገዳዩ ይኼን ያውቃል። ስለዚህ መቆጣጠሪያውን እስከ ጫፉ አዞረው። ማሽኑ ተበላሸ ይባልልኛል አለ።»

«ጋሼ... ልጄ... በሩ» አለ ጋሼ ብርዱ በቀስታ፤ ማንን እንደሚጠራ የጠፋው ይመስላል።

«ይቆይ» አለችው። «ማሽኑ ተበላሸ እንዲባል ከፈለገ መድኃኒቱም አብሮ መበላሸት ነበረበት። ሁሉም በረዶ ሆኖ ቢገኝ እኔም አምን ነበር። ገዳዩ ግን ከሰዓቱን ሙሉ በረዶ የማይችለውን ሁሉ አንድ በአንድ እየመረጠ ወደዚህ አሸሸው። ለራሱ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ እንዲያውም አጋለጠው። ሰው ለመግደል ቆርጧል፣ ብልቃጥ ለመግደል ግን እጁ እምቢ አለው። ማነው እንዲህ ያለ ሰው?»

መቶ በመቶን አየችው። «አንተ ከሷ ጋር ሆድና ጀርባ ነበርክ። ግን ኢንሱሊንና የኩፍኝ ክትባት ቢደባለቁብህ አትለያቸውም።»

«አልለይም» አለ መቶ በመቶ፤ ባለማወቁ የተደሰተው ያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ሥራ አስኪያጁ ይለያቸዋል፤ ሙያው ነው። ሆኖም ሥራ አስኪያጅ ካርቶን ተሸክሞ ሲመላለስ ቢታይ ግቢው ሁሉ ይደነግጥ ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ካርቶን ሲያመላልስ ‹ምን ትሠራለህ?› የማይባል ሰው አንድ ነው። ያ ሰው በጥድፊያ ሲከምር እንኳ፣ አየር የሚያሳልፍ ቦታ ባይተርፈው፣ ቶሎ ጊዜው የሚያልፍበትን ፊት ከማድረግ እጁን መከልከል አልቻለም።»

በሩ አሁንም ክፍት ነው። ብርዱ ኮሪደሩን ሞላው። ሁሉም እጁን ብብቱ ሥር ሲያደርግ ጋሼ ብርዱ ግን አልበረደውም፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቶ ዓይኑን ከክፍሉ መንቀል አቅቶታል። ውስጥ ያለው ሙቀት መለኪያ ላይ ነበር የሚያየው። መርማሪዋ ጠበቀች። በመጨረሻ ጋሼ ብርዱ ከመሀላቸው ወጥቶ ተራመደ፣ በሩን በሁለት እጁ ገፋ፣ ዘጋው፣ ጭንቅላቱንም በሩ ላይ አስደገፈ።

ማሽኑ ኳ አለ። ጥበቃው ዘሎ ወደ ግድግዳ ተጠጋ።

«ራስህ እንድትናገር ጊዜ ሰጥታህ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም ብላ» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያዘነች ሴት ድምፅ ነበር።

«በአገልግሎቴ ሙሉ አንድ ብልቃጥ አበላሽቼ አላውቅም» አለ ጋሼ ብርዱ፣ ከበሩ ሳይላቀቅ። «ከጥቂት ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት ስገባ ትልቁ ክፍል በረዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ማታውን መቆጣጠሪያውን ስነካካ ከልኩ አሳልፌው ሄጄ ነው፤ የራሴው እጅ። አለቀስኩ። ከዚያ ሲሟሟ ደህና መሰሉ። የምርጥ ሠራተኛ ሽልማት ሰሞን ነበር፣ ሁሉም ‹የሱ ክፍል እንከን የለውም› ይል ነበር። አለፍኩት። ትናንት ጠዋት መጥታ ‹ጋሼ፣ አንተው ተናገር፤ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ› አለችኝ።»

«እሷን ምን ብለህ አስገባሃት?»

«የተነኩትን ላሳይሽ አልኳት። ደስ አላት። ካፖርቷን ሰቅላ ከፊቴ ገባች።»

ጥበቃው ነው ከዚያ በኋላ የተናገረው፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ካርቶኑን ሁሉ አውጥተህ እሷን ትተሃት ሄድክ? ምነው እንደ አንዱ ካርቶን በቆጠርካት!»

ጋሼ ብርዱ በሩ ሥር ቁጭ አለ። ፖሊሶቹ ሊይዙት ሲሉ መርማሪዋ ከለከለቻቸውና አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንዲት ልጅ እየተኛች ነው። የትኛው ነው የተነካው?»

አያት። ከዚያ የሥራ ድምፁ ተመለሰለት፤ እንደ ቅድሙ የጠና፣ የማይንተባተብ። «እዚህ ትንሹ ክፍል ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ የገባ ነው። የተነኩት ወጥተዋል፤ ለሆስፒታሉና በታችኛው መንገድ ላሉት ጣቢያዎች ነው የሰጠኋቸው። በረዶው ሲሟሟ የካርቶኖቹ የታች ማዕዘን ረጥቦ ለስልሷል፤ በእጃቸው ሲነኩት ያውቁታል። ለስላሳውን ይጣሉ፣ ደረቁን ይጠቀሙ። በበረዶ ጥቅል ውስጥ ስታደርጉት ብልቃጡ በረዶውን እንዳይነካ፤ መሀሉ ላይ ጨርቅ አድርጉ።»

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ ነው የሄደው። ያን ዕለት ያየው ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ሲሮጥ ሲያይ የመጀመሪያው እንደነበር ይናገራል። መኪናው ሲወጣ መቶ በመቶ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ነበር፤ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፤ ማንም ሂድ አላለውም።

መርማሪዋ ግን ጋሼ ብርዱን ወደ ጣቢያ አልወሰደችውም። ፎቅ አወጣችውና ከሟቿ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠችው። እሷም መስኮቱ ጋ ቆመች። ካፖርቱ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ማሽኑ ከታች ኳ ባለ ቁጥር የሽማግሌው ትከሻ ይሸማቀቃል፤ የሷም እንዲሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልኩ ጮኸ።

ደጃፉ ላይ የነበሩት ሠራተኞች እግራቸውን አዩ። መርማሪዋም አልተንቀሳቀሰችም። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ ጋሼ ብርዱ የተሰነጣጠቀ እጁን ዘርግቶ አነሳው።

«ሃሎ... ቅሬታ ክፍል።»

የአባትየው ድምፅ እስከ መስኮቱ ይሰማል። «ደረሰ! ወግተናታል፤ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ስጡኝ አለች! እግዜር ይስጣችሁ! እሷንስ የት ላግኛት? አንድ ጊዜ ላመስግናት። እደውልልሃለሁ ብላኝ ነበር እኮ፤ ምን አግኝቷት ቀረች?»

ሽማግሌው ስልኩን ወደ መርማሪዋ ዘረጋ። እሷ ግን አልተቀበለችውም።

«አልቀረችም» አለ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»